በአንድ እጅ የታሰረ ገመድ

ናራይኩላም፣ ታይ ወር በገባ በ12

ለተከበሩት ለባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበቱ፣ እግሮስ እንዴት ሆነ፣ ቁስሉ ጠገገ? እኔ ደህና ነኝ፣ እናቶም ደህና ናቸው፣ ፍየሏም ደህና ናት። ፖስታው ላይ ያለው ስሞ የኔ እጅ አይደለም፣ ፖስተኛው ነው የጻፈው። «የባልሽ ስም ማነው?» ሲለኝ ሚስት የባሏን ስም እንዴት አድርጋ ትጠራለች፣ መሬት መሬቱን ሳይ እናቶ ከጀርባዬ «እሷ ታፍራለች፣ የወለድኩት እኔ ነኝ፣ ሱዳላይ ብለህ ጻፍ!» ብለው ጮሁ፣ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሶስተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ስለተማርኩ ፊደሌ ቢያስጠላ አይቀየሙኝ፣ ደሞ ነጥብ የት የት እንደሚደረግ ረስቻለሁ።

እሺ፣ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ገባሁ። ውሃው ውስጥ። ራሴ ሁሉ ገባ።

እርሶን የወሰደው መኪና አቧራው ሳይረግፍ ነው ሽማግሌው አሩናቻላም ግድቡ ላይ ሰው ሰብስበው «እየጠለቀ የሀይቁን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋልን ማነው፣ ውታፉን ለማን እንስጥ?» ያሉት። እናቶ ቅጠላቸውን እያኘኩ መጡና «ለማንም አይሰጥም፣ የውሃ አባት ቤት ሰው አለው» አሉ። «ማን አለው?» «ይቺ አለች» ብለው በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። አንዱ ከኋላ «እሷ'ኮ የጨው ማሳ ልጅ ናት፣ ውሃ ከነካት ትሟሟለች!» አለ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እናቶ ራሳቸው ሳቁ። በመጨረሻ የተባለው ይሄ ነው፣ የሀይቁ ወፎች የዘንድሮ ጫጩቶች በርረው እስኪወጡ ውታፉ እኛ ቤት ይቆይ፣ በደንብ ከከፈትንና ከዘጋን የውሃ አባትነቱ ያው የርሶ ነው፣ ካበላሸን ግን ለሌላ ይሰጣል፣ ግድቡ ስር ያለው ቤታችንም አብሮ ይሄዳል።

እናቶ ወገቤን በገመድ አስረው ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ግድቡ ላይ ተቀመጡ። «ሁለት ጊዜ ከጎተትሽ አወጣሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ከጎተትሽ ፈርተሽ ነው፣ ዝም ብዬ እይዝሻለሁ» አሉኝ። እኔ ገና ሳልገባ ጎተትኩ። «እንዴ፣ ደርቀሽ ነው የሰመጥሽው?» አሉኝ። በአምስተኛው ሙከራ ውታፉን ነቀልኩት፣ ውሃው በቦዩ ሲሄድ ድምጹን ከስር ሰማሁት፣ እርሶ በየአመቱ ብቻዎን ይሄን ይሰሙ ነበር ማለት ነው። ገበሬዎቹ ደስ ብሏቸዋል፣ የወፍ ኩስ ያለበት ውሃ ስለሆነ ሩዙ ዘንድሮም ማዳበሪያ አይፈልግም እያሉ ነው።

ሀይቁ ውስጥ ስለቆመው የወፍ ድንጋይ ገመድ ለጠየቁኝ፣ አዎ አስሬዋለሁ፣ በፖንጋል በዓል ጠዋት፣ አዲስ የገለባ ገመድ የማንጎ ቅጠል የተሰካበት፣ እንዳሉኝ ጠልቄ ድንጋዩን በእጄ ዳብሼ ስርጉዱን ቦታ አግኝቼ። አሰርኩት። ቅጠሉ ከግድቡ ላይ ሆኜ ይታየኛል። ደንቡንም አልረሳሁም፣ ገመዱ ከውሃ ወጥቶ ደርቆ ሲንጠለጠል ማንም ገበሬ ቢያለቅስ ውታፉ ይመለሳል፣ ውሃው ከዛ በታች ከወረደ ውሻና ቀበሮ በእግራቸው ወፎቹ ጎጆ የሰሩባቸው ግራሮች ጋ ይደርሳሉ።

ሽመሎቹ ግራሮቹን ሞልተዋቸዋል፣ ቅርንጫፉ አይታይም። ከረጢት ጉሮሮዎቹ ወፎችም መጥተዋል፣ አንዷ ትናንት አሳ ለመዋጥ ስትታገል እናቶ «ልክ እንደ ምራቴ፣ አፏ ትልቅ ጉሮሮዋ ፈሪ» አሉ።

ጫማዎን ልላክ ወይ? ሲሄዱ ባዶ እግሮን ነው የወሰዱዎት፣ አይኔ ላይ አለ።

ሚስቶ ኢሳኪ


ከሆስፒታል፣ ታይ 26

ኢሳኪ፣

እንዴት ነሽ? እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሁለት ሳምንት ስላልመለስኩልሽ ይቅርታ፣ ትንሽ ተኝቼ ነበር። ይሄን የሚጽፍልኝ ጎኔ ያለው አልጋ ላይ የተኙት ጋሽ ኛናሙቱ ናቸው፣ ሰላሳ አመት አውቶቡስ ላይ ትኬት የቆረጡ ሰው ናቸው፣ ትንሽ ሳስብ «ተናገር እንጂ፣ ከኋላህ ተሳፋሪ አለ!» ይሉኛል።

እግሬ ደህና ነው። ሐኪሙ ደስ ብሎታል። አሁን አያመኝም። ጫማ አትላኪ፣ እዚህ ማንም ጫማ አያደርግም።

መግባትሽን ሳስነብብ አለቀስኩ፣ ጋሽ ኛናሙቱ አቧራ ነው ብለው ይጻፉ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ስትጠልቂ አይንሽን አትጨፍኚ። ውሃው ገና አያውቅሽም፣ ይለምድሻል። የውታፉ ድንጋይ እግሬ ላይ ያረፈ ቀንም ጥፋቱ የውሃው አልነበረም፣ የኔ ጥድፊያ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የማንጎው ቅጠል ከግድቡ ይታየኛል ብለሻል። ገመዱ እኮ በዚህ ሰአት ክንድ ሙሉ ውሃ ስር ነው መሆን ያለበት። ምናልባት እምቦጭ ይሆናል ያየሽው። ሄደሽ ነክተሽ እዪው። በሁለት እጅሽ ነው ያሰርሽው አይደል?

እዚህ ሁሉም ነገር መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። የወፍ ኩስ ሽታ ናፈቀኝ ብላት ነርሷ ትኩሳቴን ለካችኝ።

ሱዳላይ


ናራይኩላም፣ ማሲ ወር በገባ በ4

ለተከበሩት ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ መልሱ የዘገየው ፖስተኛው ታሞ ነው። አልታመመም፣ ውሸቴን ነው። እናቶ ደህና ናቸው። ሩዙ ደህና ነው። ቆሮሶ አሳው ዘንድሮ በዝቷል፣ አምባዛው ግን ጭቃ ጭቃ ይላል። ፍየሏ ወተቷ ቀነሰ። ስለ ወፎቹ ዛሬ አልጽፍም።

አንድ ነገር ልጠይቆት። አንድ ሰው አለ እንበል፣ እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው፣ የወፍ ድንጋዩን ገመድ ሲያስር በጣም ከመፍራቱ የተነሳ በግራ እጁ ድንጋዩን አቅፎ በቀኝ እጁ ብቻ ያሰረ እንደሆነ፣ ገመዱ ላልቶ፣ ገለባ አይደል፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ ውሃው ሲወርድ እሱም አብሮ የወረደ እንደሆነ፣ ያ ሰው በየቀኑ ግድቡ ላይ ቆሞ «ገመዱ ገና ውሃ ውስጥ ነው፣ ገና ነው» እያለ ውሃውን ሲለቅ የከረመ እንደሆነ፣ ያ ሰው ምን ይደረጋል?

እኔ ነኝ። ወይኔ፣ እኔ ነኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ ከሶስት ቀን በኋላ ነው። ሐሙስ ጠዋት እናቶ ጆሯቸውን አቁመው «ወፎቹ ለምንድነው እንዲህ የሚሉት?» አሉኝ፣ አይናቸው እኮ አሁን ከግድቡ ማዶ አያይም፣ እኔ ነበርኩ አይናቸው፣ ጥሩ አይን ሆንኩላቸው። ወጣሁ። ግራሮቹ ስር ውሻ ቆሟል። እግሩ አልረጠበም። አፉ ውስጥ ያለውን አልጽፍም።

ውታፉን እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። ወገቤን ሳልታሰር ነው የገባሁት። እናቶ ቆይተው ገመዱን ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ አገኙትና ጆሮዬን ይዘው ጠመዘዙኝ፣ ከዛ አቀፉኝ፣ ከዛ ደግመው ጠመዘዙኝ።

ከጎጆ የወደቁ አስራ አንድ ጫጩቶች ፍየሏ ጋጣ ውስጥ ናቸው፣ ፍየሏ ተቀይማናለች። አሳ አጥማጆቹ ትንንሹን ቆሮሶ ያመጡልናል። የመንደሩ ሴቶች በተራ ጭቃው ላይ በዱላ ቆመን ውሻ እናባርራለን፣ ግን ድምጽ ማሰማት የለም፣ ከጮህን እናቶቹ ወፎች ራሳቸው ጥለው ይበራሉ። ውሻን «ሂድ» ሳይሉ ማባረር ምን እንደሚመስል ልንገሮት አልችልም። በሰርጋችን ቀን እንኳ ለነሱ ሲባል አንዲት ርችት አልተተኮሰችም፣ ያስታውሳሉ? እኔ አኩርፌ ነበር። ያኩራፊ ዋጋ ይሄው።

አንዳንዶቹ መሄድ ጀምረዋል። ጠዋት ይነሳሉ፣ ማታ አይመለሱም፣ ጎጆው ውስጥ ያሉት አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ዝናብ ደሞ እስኪመጣ ገና ስንት ወር ነው። ማሲ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሽማግሌው ስለ ውታፉ ሰው ይሰበስባሉ። ገመዱ ላልቶ እንደሆነ እስካሁን ከናቶ በቀር ማንም አያውቅም፣ ሰዉ ውሃው በፀሐይ የሄደ ይመስለዋል።

ቤቶን አጠፋሁቦት። ምን ላድርግ? ቢሰድቡኝም ቶሎ ይጻፉልኝ።

ኢሳኪ


ከሆስፒታል፣ ማሲ 8

ኢሳኪ፣

ለዛ «ሌላ ሰው» እንዲህ በይልኝ። በሁለት እጅሽ ነው አይደል ብዬ የጠየቅኩሽ እኔም በአስራ ስድስት አመቴ በአንድ እጅ አስሬ ስለማውቅ ነው። አባቴ ቀድሞኝ አየና ገብቶ አጠበቀው፣ ለማንም አልተናገረም፣ ማታ እራት ላይ ብቻ «ድንጋዩ አይሸሽም፣ ልቀቀው» አለኝ። እኔ ግን ቀድሜሽ ማየት ሲገባኝ እዚህ ተጋድሜያለሁ። ያንቺ ጥፋት ግማሽ ነው፣ ግማሹ የኔ ነው። እናቴ ጆሮሽን ስትጠመዝዝ ግማሹን ለኔ አስቀምጪልኝ።

አሁን ስሚኝ። ላይኛው ሀይቅ ውሃ አለ፣ ዘንድሮ አልዘሩበትም። የላይኛው ሀይቅ የውሃ አባት ወንድሜ ሙታያ ነው። አራት አመት አልተነጋገርንም፣ ታውቂያለሽ፣ ግን ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም። አባታችን ሲሞት ታላቁን እሱን ትቶ ውታፉን ለኔ ሰጠኝ። እኔም «አንተ ውሰደው» አላልኩም። ማለት ነበረብኝ።

በኛ ዘንድ ውሃ በአፍ አይለመንም። ባዶ እንስራ ተሸክመሽ ሂጂ፣ ደጁ ላይ በአፉ ድፊው፣ አጠገቡ ተቀመጪ። አንድ ቃል እንዳትናገሪ፣ ቢሰድቡሽም፣ ቢረግጡሽም። እንስራውን ካቀናው ውሃውን ሰጠሽ ማለት ነው። እስኪመሽ ካላቀናው ይዘሽው ተመለሺ፣ ሁለተኛ አይጠየቅም።

ለሽማግሌዎቹ ደሞ እውነቱን ራስሽ ንገሪያቸው። ከሌላ ከሰሙት ነው ቤቱ የሚሄደው።

ሱዳላይ

ልጄ፣ እኔ ኛናሙቱ ነኝ። እሱ ተኝቷል። ሰላሳ አመት ሙሉ ሰው ሳይከፍል ሲወርድ አላሳለፍኩም፣ ይሄንንም ዝም ብዬ ማሳለፍ አቃተኝ። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል፣ ታይ 15 ቀን። እየዳነ ነው፣ ይበላል፣ ይስቃልም። አንቺ እንዳታውቂ አስምሎኝ ነበር፣ መሐላዬን ይቅር ይበለኝ። «አንድ እግር ያለው የውሃ አባት ምን ይሰራል፣ ትንሽ ቆይቼ ወደናትሽ ወደ ጨው ማሳው ተመለሺ ብዬ እጽፍላታለሁ» ይላል። ያን ደብዳቤ እኔ አልጽፍለትም ብየዋለሁ። ሌላ ጸሐፊ ሳያገኝ አንቺ ቀድመሽ ጻፊ።


ፖስት ካርድ፣ ማሲ 12

ለባለቤቴ፣ ነገ ጠዋት ላይኛው ሀይቅ እሄዳለሁ። እንስራው የናቶ ነው፣ የሰርጋቸው። የጋሽ ኛናሙቱ ጽሑፍ ጥሩ ይነበባል፣ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ ይበሉልኝ። ኢሳኪ።


ናራይኩላም፣ ማሲ 26

ለተከበሩት ለባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ። ጋሽ ኛናሙቱንም እንዴት ሰነበቱ ይበሉልኝ፣ ይሄን እሳቸው ሲያነቡልዎት ቀስ እንዲሉ፣ ከኋላ ተሳፋሪ የለም።

መጀመሪያ ውሃውን ልንገሮት፣ እንቅልፍ እንዳያጡ። መጥቷል። የወፍ ድንጋዩ ትከሻው ድረስ ገብቷል። ውሻ የለም።

እንስራውን ደፍቼ ወንድሞ ደጅ ከጠዋት እስከ ፀሐይ አናት ተቀመጥኩ። ሚስትየው ሶስት ጊዜ ተራምዳኝ አለፈች፣ በሶስተኛው «የታናሹ ቤት እንስራም እንደኛ ባዶ ይሆናል እንዴ?» አለች፣ ምላሴን ነከስኩ። ወንድሞ ወጥተው አዩኝ፣ ገቡ። ደግመው ወጡ፣ ቆሙ። እንስራውን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ የናታቸው መሆኑን አወቁት መሰለኝ፣ አፉ ላይ ያቺ ስንጥቅ አለች አይደል። ከዛ ጎንበስ ብለው አቀኑት። መናገር የተፈቀደልኝ ያኔ ነው፣ ግን እሳቸው ቀደሙኝ። «እግሩ እንዴት ነው?» አሉኝ። አራት አመት ሙሉ ያልጠየቁትን ሰው። እኔ እስከዛ ሰአት ድረስ ለማንም ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም ነበር፣ ለናቶም። «አንዱ ነው የቀረው» አልኳቸው። መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ሚስትየው ውሃ በጽዋ አመጣችልኝ፣ ሁለት ጊዜ።

በማግስቱ ውሃውን ለቀቁ። ራሳቸውም በቦዩ ዳር ውሃውን እየተከተሉ፣ እምቦጩን በእጃቸው እየነቀሉ፣ በአራተኛው ቀን እዚህ ደረሱ። እናቶ በአረማመዳቸው አወቋቸው። «የትኛው አህያ ነው መንገድ የጠፋበት?» አሉ፣ ከዛ ማልቀስ ጀመሩ፣ እኔ ወጥ ላማስል ብዬ ወጣሁ፣ ወጥ አልነበረም።

ስብሰባው ላይ እውነቱን ተናገርኩ። በአንድ እጄ ነው ያሰርኩት፣ ፈርቼ ነው፣ አልኩ። አንዱ «አላልኳችሁም?» ብሎ ሲነሳ ሽማግሌው አሩናቻላም በዱላቸው አስቀመጡት። «ያ ውሃ ሲፈስ ማን ነው የጠጣው? የኔ ማሳ ጠጥቷል፣ ያንተም ጠጥቷል። ገመዱን ሄዶ የነካ ማን አለ?» አሉት። ከዛ ወደኔ ዞረው «የጨው ልጅ፣ ገብተሽ ወጣሽ፣ አልሟሟሽም'ኮ» አሉኝ። ውታፉ እኛው ቤት ይቆይ ተባለ፣ ግን ለኔ እንጂ ለርሶ አይደለም ያሉት። አዲስ ነገር ነው፣ ሰዉ የውሃ እናት እያለ ይቀልድብኛል። ይቀየሙኛል? እኔ አልጠየቅኩም።

ወፎቹ ሁሉም አልተመለሱም። ከሀምሳ በላይ ጎጆ ባዶ ቀርቷል፣ ቆጥሬዋለሁ፣ የርሶ ሚስት ስለሆንኩ አልዋሽዎትም። ከአስራ አንዱ ጫጩቶች ሰባቱ አሉ፣ አንዱ ፍየሏ ጀርባ ላይ ካልወጣ አይተኛም፣ ፍየሏ ታርቃለች። የቀሩት እናቶች ግራሩ ላይ ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ክንፋቸውን ዘርግተው ለጫጩቶቹ ጥላ ይሰራሉ። ያ ነገር ሁሌም ነበር፣ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

ገመዱንም ደግሜ አሰርኩት። ወንድሞ «እኔ ልሰርልሽ» ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ድንጋዩን ለቀቅኩት። በሁለት እጄ ነው።

አሁን የርሶን ነገር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጫማዎን ልኬያለሁ፣ የግራውን። ለመምጫ ይሆኖታል። የቀኙን እናቶ ትራሳቸው ስር አድርገውታል፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ምርኩዙን ከተማ እንዳይገዙ፣ በንፋስ የወደቀ የግራር እንጨት አለ፣ ወንድሞ እየጠረቡት ነው፣ ቁመቶን በቃላቸው ያውቁታል።

ወደናትሽ ተመለሺ ሊሉኝ ያሰቡት ደብዳቤ ካለ አይጻፉት፣ ማንበብ አልችልም ብዬ ፖስተኛውን እመልሰዋለሁ። ሶስተኛ ክፍል ነኝ፣ ያምነኛል።

ደሞ ሰው ቸግሮኛል። የናቶ እጅ ደክሟል፣ ባለፈው ውታፉን ልከፍት ገብቼ ስወጣ ቅጠላቸውን ሊጠቀልሉ ብለው ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው አገኘኋቸው፣ የቀሯቸው ደሞ ሶስት ጥርስ ናቸው። ግድቡ ላይ የሚቀመጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ። መቀመጥ ብቻ ነው፣ እግር አይጠይቅም። እጆችዎ ሁለቱም ደህና ናቸው አይደል? በሁለቱም ይያዙልኝ። ሁለት ጊዜ ከጎተትኩ ያወጡኛል። አንድ ጊዜ ከጎተትኩ ፈርቼ ነው፣ ዝም ብለው ይያዙኝ።

ኢሳኪ